ሐሳብ ይዞታል

ልጅ ሳለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት ዓመት፣ የምንኖረው ሰው አገር፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አባዬ መሃል ከተማ የነበረችው ትንሽ ምግብ ቤቱ ከተዘጋች ወዲህ ከመኝታ ቤቱ አይወጣም ነበር። አጎቱ አባባ በቀለ ለዓይን ሕክምና ከደሴ መጥተው በረራ ሲቆም እኛ ዘንድ ቀርተዋል።

ሲመሽ፣ የሰዓት እላፊው ደርሶ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ከመንገድ ሲጠፉ፣ አባባ በረንዳው ላይ ጂኮ ከሚሉት የከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩኝ ነበር። መብራት የሄደ ቀን ፍሙ መነጽራቸው ላይ ቀይ ሆኖ ይታየኛል። ጭሱ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው በተረቱ ያለቀሱ እየመሰለኝ እኔም አብሬያቸው አለቅስ ነበር።

እማዬ ስለ አባዬ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባትሽን ሐሳብ ይዞታል፣ አትረብሺው።» እኔ ደግሞ ያኔ የማውቀው የሚይዝ ነገር ኮሮና ነው። ጎረቤታችንን ይዞት በአምቡላንስ ተወስዷል። ስለዚህ ሐሳብም የሚጋባ በሽታ መሰለኝ። ምሳ አድርሺለት ስባል ማስኬን አድርጌ፣ ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን አንኳኩቼ እሮጣለሁ። ከዚያ በስዋሂሊ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

አንድ ቀን አባባ አዩኝ።

«አንቺ፣ ቤት ውስጥ ምን ያሸፋፍንሻል? ሙሽራ ነሽ እንዴ?»

«አባዬን ሐሳብ ይዞት የለ? እንዳይጋባብኝ ነው።»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

ያን ዕለት ምሽት «ተረት ተረት» አሉኝ፤ «የላም በረት» አልኩ። አንድ በሬ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹ ከብቶች እኛም እንዳንወድቅ ብለው ከሩቅ ሣር ይወረውሩለት ጀመር። በሬው ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳ። አባባ ተረቱን እዚህ ላይ አቆሙ።

«ሣር እያገኘ ለምን ከሳ?» አልኳቸው።

«እሱን አንቺ ንገሪኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

ፊቴ ጋለ።

በማግስቱ ማስኬን ኪሴ ከትቼ ሳህኑን ይዤ ገባሁ። ክፍሉ መጋረጃው ተዘግቶ ታፍኗል። አባዬ ሲያየኝ ደንግጦ ወደ ግድግዳው ሸሸ፤ አንሶላውን እስከ አፍንጫው ሳበ። የምፈራው እሱን ራሱን መስሎት ኖሮ እንዳያስፈራኝ ነው የሸሸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሳህኑን አስጠጋሁለት። ሁለት ጉርሻ በላና «ጨው በዝቶበታል» አለኝ፤ ከዚያ እንባው ወረደ።

ያን ቀን አልዳነም። ምግብ ቤቷም ተመልሳ አልተከፈተች፤ አሁን የሰው ምግብ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። አንዳንድ ሳምንት አሁንም በሩን ይዘጋል። ያኔ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እኔም ወሬ አልችልበትም። አባባ በረራ ሲጀመር ተመለሱ፤ ከነገሩኝ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ያን ሰሞን ለምን እሸሸው እንደነበር ግን ለአባዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። አንዳንዴ እማዬ ከአባባ ሰምታ ነግራው ይሆናል እላለሁ። ካልነገረችውስ?