ቶርክዊል የቆፈረው ማሳለፊያ

ያን ዓመት ግንቦት ዝናቡ ጨርሶ ጠፋ። በድሮው ጊዜ ቢሆን ደስ ባለን፤ ገደሉ ላይ ያለው እሾህ ሁሉ ቢጫ ሲያብብ፣ ባሕሩ ሲተኛ፣ ያሰጣነውን ልብስ ሳናስገባ የምንውልበት ወር ነበር። አሁን ግን ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ደረቅ መንገድ ማለት መኪና ማለት ነዋ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው መንገዳችንን ካርታ ላይ አውጥቶ የውበት ጉዞ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ አልጋና ምድጃ የተሸከመ መኪና ሁሉ ወደኛ ይጎርፍ ጀመር። መንገዱ ደግሞ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። በየቦታው ጎኑ ሰፋ ያለ ማሳለፊያ አለው፤ አንዱ እዚያ ገባ ይልና ሌላውን ያሳልፋል፣ ያለፈውም ለምስጋና ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሣል። ጣት ያላነሣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል።

ወንድሜ ቶርክዊል ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ መንገድ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሚስቱ የዶሊና ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ኢንቨርነስ ከተማ ሆስፒታል ይወስዳታል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሰዓቷ ካለፈ ማሽኑ ለተረኛው ይሰጣል። ሐኪሞቹ ከተማ ግቡ ይሏታል፤ እሷ ደግሞ፣ "ከቤቴስ በሬሳ ሣጥን ነው የምወጣው" ትላለች። እሱም፣ "መንገዱን ለኔ ተይው፣ አንቺ ብቻ ቁጭ በይ" ብሎ ቃል ገባላት።

ክፉው ቦታ ገደሉ አናት ላይ ያለው ጥምዝ ነው። ከወዲያ የሚመጣው አይታይም፣ ማሳለፊያም አልነበረውም። ቶርክዊል ለመንገድ ጽሕፈት ቤቱ አራት ጊዜ ጻፈ። በአራተኛው ሠራተኞች መጡና ምን ቢተክሉ ጥሩ ነው? አግዳሚ ወንበርና ስለ ባሕር ወፎች የሚያወራ ሰሌዳ!

"ለካ መንገድ የተዘጋባቸው ወፎቹ ኖረዋል" አለ ቶርክዊል። ዲጂኖና የእጅ ጋሪውን አወጣ። ከጥር እስከ መጋቢት ድንጋዩን ፈልፍሎ፣ ለሦስት መኪና የሚበቃ ማሳለፊያ ብቻውን ሠራ። ሾርባ ሳደርስለት፣ "መኪና ማቆም ክልክል ነው ብለህ ጻፍበት" አልኩት።

"ኤፊ፣ ማሳለፊያ ላይ እንደማይቆም'ኮ ላሞቹም ያውቃሉ" ብሎ ሳቀብኝ።

ላሞቹስ ያውቁ ነበር።

በዚያው ግንቦት አንድ ማክሰኞ፣ ወደ እጥበቱ ስንሄድ፣ ዶሊናን ስላቅለሸለሻት ሳፋ ይዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጥምዙ ላይ ጎብኚ ከጫነ አውቶቡስ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ከኋላችን ያለችው ትንሽ መኪና ሹፌር ወደ ኋላ መንዳት አይችልም። የቶርክዊልን ማሳለፊያ ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና አግድም ቆሞበታል፤ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ባልና ሚስት ባሕሩን እያዩ ሻይ ይጠጣሉ።

ቶርክዊል ወረደ።

"በል ዛሬ እንኳ ተሳደብ" አለች ዶሊና በመስኮት።

እሱ ግን ቆቡን አወለቀ። ሴትዮዋ ብድግ አለች። "እንዴት ያለ ቦታ ነው! ይህን የሠራ እጁ ይባረክ! ሻይ ልቅዳልዎት?" አፉን ሳይከፍት ቀዳችለት።

እኛ ዘንድ የተቀዳ ሻይ አይመለስም። የሚመልስ ሰው ደም የተቃባ ነው። ተቀበላት።

"ኤፊ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ባሌ ሻይ እየጠጣ ነው?"

"እየጠጣ ነው።"

"ብስኩትም?"

"ሁለተኛውን አነሣ።"

የአውቶቡሱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "አባባ፣ ድግሱ ሲያበቃ ቀስቅሱኝ!" ሲል ጮኸ። ቶርክዊል ያን ጊዜ ነው ጉዳዩን የተናገረው። ሰዎቹ ደነገጡ፣ ይቅርታ ለመኑ፤ ግን ወንበሩን ማጠፍ አለ፣ ምድጃውን ማቀዝቀዝ አለ፣ ሲኒ ማጠብ ሳይቀር። ባልየው መኪናውን ማቃናት አቅቶት በመጨረሻ ቶርክዊል ራሱ አቃናለት። አርባ ደቂቃ! አውቶቡሱ ሲያልፍ ሹፌሩ ጣት አላነሣም። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ታውለበልብልን ነበር።

ስንደርስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነገ ተመለሱ ተባልን። የዶሊና እግር አብጦ ጫማዋ አይገባም።

"ለምን ጠጣኸው?" አለችው ስንመለስ።

"ተቀድቶ ነበር።"

"ተቀድቶ ነበር!"

ጥምዙ ጋ ስንደርስ ማሳለፊያው ላይ ሌላ መኪና ቆሞ፣ መስተዋቱ ላይ ፎጣ ተሰጥቶበታል። ዶሊና ፎጣውን እያየች፣ "ቶርክዊል፣ ከተማ ቤት ፈልግ" አለች።

"እሺ" አለ።

ሁለት ክረምት ሙሉ በማንም ያልተሸነፈች ሴት! እኔ ያቺን ባለ ሻይ እንዳልረግማት እንኳ ደግ ሰው ሆነችብኝ።

ነሐሴ ላይ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ፤ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። ባለፈው የገና በዓል ካርድ ሲልኩልኝ ሁለቱም ከኢንቨርነስ ግማሽ ሰዓት የምትርቀው ዲንግዎል ነበሩ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ።