ቁጥር ያልተሰጠው ግምት

እኔ በነበርኩበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ ቴኒስ ሲጫወት ያየሁት ሰው የለም። በቴኒስ ማን እንደሚያሸንፍ መገመትን ግን እንደ መደበኛ ሥራ ይዘነው ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም በቅጡ አልደረቀም፣ አንዲት የጽሕፈት መኪና ለሦስት ቢሮ እንዋሳለን፣ አንድ ስብሰባ በሦስት ቋንቋ ሲተረጎም ይመሻል። ከመሃል አገር ተመድበን የመጣን ሰዎች ከሥራ በኋላ የምንሄድበት አልነበረንም። የነበረን አንድ ሬዲዮ ነው፣ እሱም አብሮኝ የሚኖረው የመሬት ቀያሽ ንብረት።

ቀያሹ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ዝምተኛና ኩሩ ሰው ነበር። አባቱ አንድ ክለብ ውስጥ የቴኒስ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ፤ ቀዩን አፈር ውሃ እያጠጡና እየዳመጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሚያዝያ ገብቶ የወንዶቹ ውድድር አውሮፓ ውስጥ በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ሲጀመር ያ ዝምተኛ ሰው አፍ ያወጣል። ከሞንቴካርሎ ሮም፣ ከሮም ፓሪስ፣ ውጤቱን በሬዲዮ እየተከተለ ያስረዳናል። በአፈር ላይ ኳስ ፍጥነቷን ታጣለች፣ ከፍ ብላ ትነሣለች፤ ሌላ ሜዳ ላይ በሰርቩ፣ በመክፈቻ ምቱ ብቻ የሚያሸንፍ ጉልበተኛ እዚህ የመታት ኳስ ተመልሳ ትመጣበታለች። ስለዚህ ጉልበተኛውን ተዉት፣ ሮጦ የማይደክመውን ያዙ ይለናል። ባለፈው ሳምንት ማን ረጅም ጨዋታ እንደተጫወተ፣ ፓሪስ ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሳቅንበት። በኋላ እሱ ያለው ሲሆን ስናይ እኛም መገመት ጀመርን።

ከመካከላችን አንድ ከወለጋ የመጣ መምህር ነበር፤ ውጤቱ ከተሰማ በኋላ ሁልጊዜ እኔም እኮ እሱን ነበር ያልኩት እያለ ያበግነናል። ቀያሹ ይህን ሊያስቀር ሕግ አወጣ። ግምት ሁሉ በታሸገ ፖስታ ለቢሮአችን መዝገብ ቤት ይሰጣል፣ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያገኛል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሆሞሻ ወረዳ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ ሸምገል ያሉ ናቸው። ቴኒስ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ፖስታችንን ግን ከክልሉ ምክር ቤት የመጣ ያህል አክብረው ይመዘግቡታል። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ የኃላፊውንም ደብዳቤ አይቀበሉም። አንድ ቀን መምህሩ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰና ቀያሹ ያለ ርኅራኄ ሰረዘው። ቁጥር የሌለው ግምት እንዳልተገመተ ይቆጠራል አለ።

በሁለተኛው ዓመት እኔም እሱም ዝውውር ጠየቅን። እሱ ወባ በየወሩ ይጥለው ነበር። ጣፊያው አብጧል፣ እዚህ ሌላ ክረምት ባትከርም ይሻላል ብለውታል ሐኪሙ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ። ሰልችቶኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ኃላፊው ባለሙያ ስለሌለ የሚለቁት አንዳችንን ብቻ እንደሆነ ነገሩን፤ ተነጋግራችሁ አንድ ስም አምጡልኝ አሉ።

ሰው የሆነ ሰው እዚያው አንተ ሂድ ይል ነበር። እኔ ጫማዬን ጫማዬን አየሁ። ቀያሹም በሕመሙ መለመን ሞት መሰለው መሰለኝ፣ በፓሪሱ ውድድር እንወስን አለ። አራት ተጫዋቾች ሲቀሩ፣ ሐሙስ ቀን፣ እያንዳንዳችን አንድ ስም እናስመዘግባለን። የማን ሰው በውድድሩ ረዘም ብሎ ከቆየ ዝውውሩ የእሱ ይሆናል። እንደሚያሸንፈኝ እርግጠኛ ነበር። እኔም እንደሚያሸንፈኝ አውቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሳላፍር የምሸነፍበትን መንገድ እያበጀልኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የኔን አስመዘገብኩ። ሰርቩ የሚያስፈራውን አሜሪካዊ ነበር የጻፍኩት። ቀያሹ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ አልጋ ላይ ቀርቷል። ምሳ ሰዓት ቤት ስገባ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ተጠቅልሏል፤ የታሸገ ፖስታ ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። እጁ ይፈጅ ነበር።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሥራ አልነበረኝም። መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፖስታው ኪሴ ውስጥ ነው። ትንሽ ልረፍና እሰጣለሁ አልኩ ለራሴ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። መስኮቱ ከተቀመጥኩበት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሽማግሌው ሲዘጉት፣ ቁልፉን ሲሞክሩት አየሁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሮጥኩ። ስሮጥ እንዲያዩኝ ነበር የሮጥኩት።

“ሰዓት አለፈ። ነገ ይመጣል” አሉኝ።

ቤት ገብቼ ዐይኔን በጨው አጥቤ ስብሰባ ያዘኝ አልኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖስታውን ሳልከፍት ሽንት ቤት ጣልኩት።

በማግስቱ አሜሪካዊው በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከአራቱ ቀድሞ ተሸነፈ። ቀያሹ ከሱ ሌላ ማንንም ጽፎ ቢሆን አሸንፎኛል ማለት ነው። ለብዙ ዓመት፣ ምናልባት እሱም አሜሪካዊውን ጽፎ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በአፈር ሜዳ ላይ ጉልበተኛ አትመኑ ሲል የከረመ ሰው! ውሸቴን ነው። እንደማይጽፈው አውቅ ነበር።

ስሜ ለኃላፊው ተሰጠ፣ ደብዳቤው ወጣልኝ። ነሐሴ ውስጥ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ሳለሁ መምህሩ ጻፈልኝ። ወባው ወደ ቀያሹ ጭንቅላት ወጥቶ ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ ሞተ። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሬሳውን ወደ አዲስ አበባ ማድረስ አልተቻለም፤ እዚያው አሶሳ ቀበሩት። አባቱ እንኳ አልደረሱም። ደብዳቤውን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ከአሶሳ የተሳፈርኩበትን ቀን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ሰኔ ነው፣ ገና በደንብ አልነጋም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ ተሳፋሪ ይቆጥራል። ቀያሹ ጋቢ ተከናንቦ ሊሸኘኝ መጣ። ዐይኑ ብጫ ሆኗል። መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። ከዚያ ሽማግሌው ሁሉንም እንደነገሩት ነገረኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ማንጎው ሥር እንደተቀመጥኩ፣ የቢሮው ሰዎች እንዳያወሩብኝም ሽማግሌውን ዝም እንዲሉ እንደለመናቸው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

“ኃላፊውን ትናንት ጠይቄአቸዋለሁ” አለኝ። “እስክትሄድ ድረስ ስሙ ሊቀየር ይችላል ብለውኛል። ክረምቱን ፈርቼዋለሁ። ብትወርድልኝ።”

ያ ኩሩ ሰው ሲለምን ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። በሩም ክፍት ነበር።

ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ታስሯል አልኩት።