ነጎድጓዱ የስልኬ መስሎኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ዓመት አልፎታል፤ ግን የበርበሬ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል። ለማንም በደንብ አውርቼው አላውቅም። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ አነበቡልኝና፣ የዚያን ቀን ቤት የገባሁት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም። መጻፍ ከቻልኩ ይሄንንም ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተነሣሁ።

የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። አምና አንዲት የክፍሌ ልጅ ስልኬ ላይ አንድ ጌም ጫነችልኝ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ የምታዩት ባዶ ውኃ ነው። መሬቱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ተራራ ታቆማላችሁ፣ ደን ታበቅላላችሁ፣ ከዚያ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች ትለቃላችሁ። እነሱ በራሳቸው ቤት ይሠራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ይጣላሉ። እናንተ ከላይ ሆናችሁ ዝናብ ትልካላችሁ፤ ካስጠሏችሁ ደግሞ መብረቅ።

አባቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አየና «ይሄ የፈጣሪን ሥራ መቀማት አይደል እንዴ?» ብሎ አማተበ። እኔ ግን አልዋሽም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ለቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ውኃ አምጪ፣ በር ዝጊ ስባል ነው የምውለው። የሚታዘዘኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉም የምወደው ስም ማውጣቱን ነበር። አንዱን ሰው ጫን ስታደርጉት ስሙን መቀየር ይቻላል። የሒሳብ መምህራችንን አሣ አጥማጅ አደረግኋቸው። አክስቴን ይታይሽን ወንዝ ዳር፣ ለም መሬት ላይ አሰፈርኳት።

እውነተኛዋ አክስቴ የምትኖረው ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው። ከቡሬ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ማለቂያ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ነው። በርበሬ አምራች ናት። የአጥር ጎረቤቷ እትዬ አንጓች ናቸው። በሁለቱ ማሳ መካከል አንድ ቦይ አለ። ከዚያ ኅዳር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በክረምት ጎርፉ ቦዩን ጥሶ የአክስቴን የበርበሬ ችግኝ ጠረገው። አክስቴ «ሆን ብላ ወደ እኔ አዞረችብኝ» አለች። እትዬ አንጓች «ውኃው በራሱ ነው የሄደው» አሉ። ሽማግሌ ገባበት፤ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ካልተገናኙ በቀር አይነጋገሩም ነበር።

እኔም በሄድኩ ቁጥር አክስቴ ስለ እትዬ አንጓች ስታወራ እሰማለሁ። አንድ ቀን ጌሙን ከፍቼ፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት አስቀመጥኩና ስሟን «አንጓች» አልኳት። እትዬ እንኳ አላልኩም። ከዚያ ዝናብ ከለከልኳት።

ለኅዳር ሚካኤል፣ በርበሬ ለቀማው ላይ እንዳግዝ ተብዬ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀርቼ ሄድኩ። በርበሬው ተለቅሞ፣ በእበት የተለቀለቀው ግቢ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። መሬቱ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ ይመስላል። በሚካኤል ዕለት ሥራ የለም። አክስቴና ባለቤቷ ሊያነግሡ በጠዋት ተነሡ። ስጡን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

«ዶሮ እንዳይበትነው፤ ፍየል እንዳይረግጠው» አለችኝ አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሰማዩንም እይው፤ ሰሞኑን አላማረኝም። ከጠቆረ እዚያ እንቅቡ አለልሽ፣ ጆንያው አለልሽ፣ ቶሎ ቶሎ ማስገባት ነው።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም! በሬያችን እኮ ነው የተሰጣው።»

እውነቷን ነው። በክረምቱ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞቶባቸዋል። ያ በርበሬ ደርቆ ቡሬ ሲሸጥ ሌላ በሬ ሊገዙበት ነው። አንዴ ዝናብ የመታው በርበሬ ይሻግታል፣ ይጠቁራል፤ ነጋዴ ዞር ብሎም አያየው።

ለሁለት ሰዓት ያህል በደንብ ጠበቅሁ። ዶሮ አባረርኩ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ፀሐዩ የስልኩን መስታወት አላሳይ ስላለኝ በሩ ላይ ፊቴን ወደ ቤት ጀርባዬን ወደ ግቢው አድርጌ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያ ጌም ውስጥ ነገሩ ደርቶ ነበር። ከማዶ ያለችው «አንጓች» ያለ ዝናብም ቢሆን ቤት ሠርታ፣ ማሳ ከፍታ ቆየችኝ። ተናደድኩ። በአክስቴ በኩል ዝናብ አወረድኩ፤ በእሷ በኩል መብረቅ ላክሁ። አንዱ ሳታት። ሁለተኛው ቤቷን አቃጠለው። ነጎድጓዱ ሲያጓራ ሳቅሁ፤ ስልኬ እንዲህ የሚያምር ድምፅ አለው እንዴ አልኩ።

እንደገና አጓራ። ይሄኛውን መብረቅ ግን እኔ አልላክሁትም። ስልኩ ተበላሽቶ ነው ብዬ፣ ስቃችሁ አትጨርሱኝ፣ ድምፁን ቀነስኩት።

«አንች ልጅ! አንች! ስጡ! ስጡ አለቀ!»

ከቦዩ ማዶ የሚጮኸውን ሰማሁ። አሁን የምጽፈውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። እንደ ሰማሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ጌሙን ማቆም ነው፤ ሰዎቼ እኔ በሌለሁበት እንዳያልቁብኝ። ከዚያ ነው ዞር ያልኩት።

ሰማዩ ድስት መስሏል። ትላልቅ ጠብታዎች በርበሬው ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። እትዬ አንጓች ከቤተ ክርስቲያን ቀድመው ተመልሰው ኖሯል፤ ላማቸው ልትወልድ ስለ ደረሰች። ነጭ የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ሁለት ዓመት ማንም ያልተሻገረውን ቦይ ዘለሉት።

እኔ ደርቄ ቆምኩ።

«ምን ትገተሪያለሽ! እንቅቡን አምጭ እንጅ!»

እንቅቡን አምጥቼ ስመለስ እሳቸው አልጠበቁኝም። ነጠላቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘርግተው፣ በሁለት ክንዳቸው በርበሬውን እየጠረጉ ይከምሩበታል። አራቱን ጫፍ ይዘው እየሮጡ ያስገባሉ፣ ይዘረግፋሉ፣ ይመለሳሉ። ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ አልቆጠርኩም። ዝናቡ ሲብስ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እበቱ ረጥቦ፣ በርበሬው ተፈርጦ፣ ያ ነጭ ነጠላ ሌላ ነገር ሆነ። እኔም አፈስኩ፤ ዓይኔን በዚያ እጄ አሽቼ እያለቀስኩ አፈስኩ።

ከግድግዳው ሥር ያለውን ጥቂቱን ጎርፍ ወሰደው። የቀረው ተረፈ።

ገብተን ስናለከልክ እትዬ አንጓች በሩ ላይ የጣልኩትን ስልክ አዩ። ውኃ እንዳይነካው አነሡልኝ፤ በቀሚሳቸው ደረቅ በኩል ጠረጉልኝ። ሲጠርጉት በራ። ጠጋ አድርገው አዩት። መሠረተ ትምህርት ተምረዋል፤ ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት።

«አ... ን... ጓ... ች።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይች እኔ ነኝ?»

«አዎ» አልኩ።

«እትዬ እንኳ የላትም!» ብለው ሳቁ። «ምን እየሠራሁ ነው?»

«እየ... እየኖሩ ነው።»

«ይሄ ቀይ ቀዩስ?»

የሚቃጠለው ቤታቸው ነበር። ጌሙን ስላቆምኩት እሳቱ ባለበት ቀርቷል።

«በርበሬ ነው» አልኳቸው። «በርበሬ አስጥተው ነው።»

«ኧረ! ይህን ሁሉ!» ፊታቸው በራ። እኔ እዚያው መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

አክስቴ እየሮጠች፣ እየበሰበሰች፣ «በሬዬን! በሬዬን!» እያለች ደረሰች። ግቢው ባዶ። ቤት ስትገባ ክምሩን አየች፤ ቀጥሎ እትዬ አንጓችን መደብ ላይ ተቀምጠው፤ ቀጥሎ ነጠላውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንች የት ነበርሽ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ አንጓች ቀደሙኝ።

«ልጅቱን እንዳትቆጫት። ደመናውን ያየች እሷ፤ ጮኻ የጠራችኝ እሷ። እኔማ ላሟ ዘንድ ነበርሁ።»

አክስቴ እኔን ትታ ነጠላውን አነሣች። «አበላሸሁብሽ» አለች።

«ተይ እባክሽ፣ በሬሽ ይግባ እንጅ።»

ሁለቱም ለቅሶ ቤት ሳይሆን በደኅና ቤት የተነጋገሩት በሁለት ዓመታቸው ያን ቀን ነው። አክስቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እነሱ በደስታ መስሏቸዋል።

በሬው ተገዛ። ቦዩንም አብረው ቆፈሩት። ይሄ ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ እትዬ አንጓች ለሰው ማውራት መጀመራቸው ነው። «የይታይሽ የወንድሟ ልጅ ስልኳ ውስጥ አስገብታኛለች፤ በርበሬ አስጥቼ አየሁት» ይላሉ። ለጥር እረፍት ስሄድ፣ ውኃ መቅጃው ጋ ሴቶቹ ከበቡኝ። «እኛንስ? እኛን መቼ ነው የምታስገቢን?» እትዬ አንጓች ኮራ ብለው «እናንተ ምን አድርጋችሁላት!» አሏቸው።

ለእኔ ያደረጉልኝን እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ያደረግሁባቸውን ግን አያውቁም። ያን ዕለት አክስቴ ቤት ጌሙን እንደ ቀጠልኩት ያቺ ትንሽዬ ሴት ከቤቷ ጋር ተቃጠለች። በኋላ ሌላ ሠርቼ፣ «እትዬ አንጓች» ብዬ፣ ዝናብም ላምም ሰጥቼ አስቀመጥኳት። አልረካሁም። በዚያ ጌም የሞተ አይመለስም፤ ያቺኛዋ ሌላ ሰው ናት።

በጥር አንድ ቀን ብቻቸውን ደጃፋቸው ሰፌድ ይዘው እህል ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

«ነይ እስቲ፣ በርበሬዬ ደረቀልኝ ወይ? አሳይኝ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት። «እትዬ አንጓች፣ ያ ቀዩ በርበሬ አልነበረም።»

«ምን ነበር?»

«እሳት። መብረቅ ልኬብዎት ከነቤትዎ ተቃጠሉ። ስጡን የረሳሁትም ለዚያ ነው።»

ሥራቸውን አቆሙ። «እኔ ምን አደረግሁሽ ልጄ?»

አክስቴ ስታማዎት ሰምቼ ነው ብል የታረቁትን መልሼ ማጣላት ነው። ደግሞ እሳቸው የጠየቁኝ እኔን ነው። «ምንም» አልኩ። እውነትም ምንም አላደረጉኝም ነበር።

ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። ከዚያ፣ «ከሞትሁ ወዲያ ማሳዬን ማን አረሰው?» አሉ።

«ማንም። ጦሙን አደረ።»

«ይኸዋ!» አሉና ሳቅ ብጤ አመለጣቸው፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። «እኔ እኮ ለአገር ሁሉ አውርቻለሁ።»

ያ ነው የቆረጠኝ። ጌሙ ውስጥ ከገደልኳቸው ይልቅ፣ በውሸቴ ሰው ፊት እንዲኮሩ ማድረጌ። «እኔ ለሁሉም እውነቱን እነግራለሁ» አልኩ እያለቀስኩ።

«ተይ። በርበሬ ነው ብያለሁ፣ በርበሬ ይሁን።» ገብተው ነጠላውን አውጥተው አስታቀፉኝ። «እድፉ እንቢ ብሎኛል። ጉልበት ካለሽ እዚህ ላይ አሳይው።»

ወንዝ ወርጄ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ጣቴ ተላጠ። ከጥለቱ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ምልክት ግን አልለቀቀም።

ይሄን ልጽፈው ነው ስላቸው «ስሜን ቀይሪው» ብለውኛል፤ ቀይሬዋለሁ። ጌሙን አላጠፋሁትም፣ አሁንም እጫወተዋለሁ፤ ለሰዎቼ ግን ስም አላወጣም። ነጎድጓድ ስሰማ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ብሆን እንኳ፣ ዘልዬ የማየው ደጁን ነው።

እትዬ አንጓች ያንን ነጠላ ለገበያ ይለብሱታል። ባለፈው ቅዳሜ ወደ አክስቴ ስሄድ ቡሬ ገበያ መካከል ከሩቅ አዩኝ። አልጠሩኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው እድፉን አሳዩኝና በሳቅ ፈረሱ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል፤ ፊቴን በደብተሬ ሸፍኜ፣ ያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ ቆምኩ ቀረሁ።