ቲሸርቴ ምን ይላል?

ሰልፍ በተከለከለበት ሳምንት አወቱ መንደራ ሰፈር ላይ ፖሊሶች ያዙኝ። ጣቢያው ግቢ ስገባ እንደኔ ቢጫ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ግድግዳ ታከው ቆመዋል። የሁላችንም ደረት ላይ «ኔቨር ጊቭ አፕ» ይላል። ከአንድ የሳልባጅ ቦንዳ የወጣ ልብስ ነው፤ ጓደኛዬ ነው የሸጠልን። መርማሪው ግን የሰልፈኞች የደንብ ልብስ መሰለው።

«ምን ማለት ነው?»

«ተስፋ አትቁረጥ።»

«እጅ አትስጥ ማለት አይደል?»

«እሱም ይሆናል።»

«አየህ! ማን ነው ያደላችሁ?»

«ገዝቼው ነው።»

«ከማን?»

የጓደኛዬ ሚስት አራስ ነበረች።

«ስሙን ተናገርና ወደ ቤትህ ሂድ። እስከ ነገ አስብበት።»

የታሰርኩበት ክፍል ሲሚንቶ እርጥብ ነው፤ ጥግ ያለው ባልዲ ክዳን የለውም። መቀመጥ አቃተኝ። ከበር ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ በር። አንድ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ፣ አዛውንት ናቸው፣ ባለፍኩ ቁጥር እግራቸውን ይሰበስቡልኛል።

«ቁጭ በል እንጂ ልጄ፣ ወለሉን ጨረስከው! ልብስህ ደግሞ ምን ይላል?»

ሁለቱንም ትርጉም ነገርኳቸው።

«ሀርካ ኬኑፊ አብዲ ኩተቹ?» አሉ በኦሮምኛ፤ እጅ መስጠትና ተስፋ መቁረጥ ማለታቸው ነው። «ለሁለቱም አንድ ቃል? ያ ረቢ፣ ፈረንጅ ለካ ድሃ ነው!»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ፣ «እርስዎ ቢሆኑ የሸጠልዎትን ሰው ስም ለመርማሪው ይነግሩታል?» አልኳቸው።

«እኔ ፈሪ ሽማግሌ ነኝ። የኔ መልስ ምን ያደርግልሃል?»

ጠዋት መርማሪው ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ።

«እህስ? ከማን ገዛህ?»

አላውቀውም ማለት ይቀለኝ ነበር።

«አውቀዋለሁ። ግን አልናገርም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አውልቀው» አለ።

አወለቅኩት። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ራቁት ደረቴን ወደ ክፍሉ ስመለስ አዛውንቱ የጋቢያቸውን ግማሽ አለበሱኝ።

በኋላ ሁላችንም ተለቀቅን፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አሁንም ብዙ መቀመጥ አልችልም፤ ግጥም የምጽፈው እየተራመድኩ ነው። በቅርቡ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ጊቭ አፕ» ሦስተኛ ትርጉም እንዳለው አየሁ፦ ሰውን አሳልፎ መስጠት።

ጓደኛዬ ዛሬም ገበያ ውስጥ ቦንዳ ይፈታል። ልጁ መሮጥ ጀምሯል። ስለዚያ ጠዋት አንስተን አናውቅም።