ከምድጃዬ የወጣው ብረት

ልጄ ባሕር ማዶ ሆና ለዶክትሬቷ የምታጠናው ብረት ነበር። በኑክሌር ማመንጫ ውስጥ ጨረራ የመታው ብረት፣ ጭነት ተሸክሞ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ምን እንደሚሆን ትመረምራለች። ፈታኞቿ አንድ ጊዜ መልሰዋት ነበር። ሁለተኛው ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ደብረ ታቦር መጣች። አሁንም ካላለፈች የስድስት ዓመት ልፋቷ ከንቱ ይቀራል።

ይህን የነገረችኝ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ የዳቦ ቤቴን ምድጃ ስናጸዳ ነው።

«ምን ብለው መለሱሽ?»

«ውጤትሽ ለማን ምን ይጠቅማል አሉኝ። ጨረራ የመታው ካልተመታው ያነሰ እንደሚለጠጥ አሳይቻለሁ። ከዚያ በላይ ምን ልበል፣ እማ?»

 የዳቦውን ቆርቆሮ የሚሸከመውን ብረት ከምድጃው አወጣሁ። ሳስገባው ቀጥ ያለ ነበር። ማንም ሳይመታው፣ ጭነቱ ሳይበዛበት፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ብቻ ተለጥጦ መሐሉ ጎብጧል። ሁለት ጣት ያህል ሲጎብጥ እቀይረዋለሁ።

«የእኔ ብረት ጎብጦ ያስታውቀኛል» አልኳት። «ያንቺው የማይለጠጠው ሊሰበር ሲል በምን ያስታውቅሻል?»

መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች።

«አያስታውቅም» አለች። «ብዙ ሳይለጠጥ፣ ቀድሞ ነው የሚሰበረው። ሠንጠረዡ ላይ ጽፌው አልፌዋለሁ እኮ።»

ምድጃውን ብቻዬን ጨረስኩ። እሷ ልትጽፍ ገብታ ነበር።

ስትሄድ ብረቱን በጋቢ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ሊባርኳት የመጡት የንስሐ አባታችን ሻንጣውን ሊያነሱ ሞክረው መልሰው አስቀመጡት።

«የደብረ ታቦርን ድንጋይ ነው የምትወስጂው? እዚያ ድንጋይ የለም?»

«ብረት ነው፣ አባ። የእማ ነው።»

«እናትሽ ብረት እንደሆነችማ አውቃለሁ» አሉ።

በፈተናው ቀን ዳቦ ቤቱን ዘግቼ ስልኬን ከዱቄት ጆንያው ላይ አቆምኩ። ልጄ ፈተናውን በቪዲዮ እንድከታተል የእሷን ስልክ ወንበር ላይ አስደግፋልኛለች። ብረቴ ከፈታኞቹ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ አብዛኛው አመለጠኝ። አንድ ሽማግሌ ፈታኝ ብረቱን አገላብጦ ጠየቃት። ወረቀቷን አላየችም። ይኼ ያስጠነቅቃል፣ ያኛው አያስጠነቅቅም፤ ስለዚህ መጉበጡን ሳይጠብቁ ዕድሜው ሳያልቅ መቀየር ነው ስትል ገባኝ። ሽማግሌው ፈገግ አለ።

ሊመክሩ አስወጧት። ስትመለስ ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። ሽማግሌው እጇን ጨብጦ ዶክተር ብሎ ጠራት።

ስልኩን ዘግቼ ዳቦ ቤቱን ከፈትኩ። በዚያ ቀን ለገዛኝ ሁሉ አንድ ዳቦ ጨመርኩ። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ብቻ ነገርኩ። ያልጠየቀኝ አልነበረም።