በእጅ አንጓ ላይ የተሰማው የልብ ምት

ሲስተር ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆነው የኖሩ ሴት፣ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ሲያጡ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ባለቤታቸው፣ የቀድሞው የአውቶቡስ ሹፌር፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ቁም ሳጥን ዛሬም ልትደረድሪው ነው? ልብሱ ራሱ ደከመው እኮ!» ይሏቸው ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ዶክተር ቤታቸው መጣ። ይህ ዶክተር በእሳቸው እጅ የተወለደ ነው። «ስትወለድ በእግርህ ነው የመጣኸው፤ ግትርነትህ ያኔ ነው የጀመረው» እያሉ በባልደረቦቹ ፊት ያሳፍሩታል።

«ተማሪዎች ሊመጡልን ነው» አላቸው። «ግማሾቹ ከእኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሾቹ ከውጭ። የማኅበረሰብና የዓለም አቀፍ ጤና ነው የሚማሩት። ክፍል ውስጥ እኔ አለሁ። ሰፈር ለሰፈር፣ ቤት ለቤት ሲዞሩ ግን ከእኔ ጋር የሚመራቸው ሰው እፈልጋለሁ። ያሰብኩት እርስዎን ነው።»

ሲስተር ፊታቸው በራ። ወዲያው ደግሞ ስጋት ገባቸው። ምክንያቱም ጆሯቸው ከከዳቸው ሰንብቷል፤ ይህንን ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ያያሉ፤ ያልገባቸውን በፈገግታ ያልፉታል። ባላቸው «የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ሲሏቸው፣ «አንተ ነህ የምታንሾካሹከው!» ብለው ይቆጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን በእናቶች ሆድ ላይ ጆሯቸውን ጥለው ለኖሩ ሰው «አልሰማም» ማለት ሞት ነበር።

ትምህርቱ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት በጤና ጣቢያው አዳራሽ ዶክተሩ ስለ ክትባቱም፣ ስለ ውሃውም፣ በየአገሩ ስላለው የእናቶች ጤናም ያስተምራል፤ ከዚያ ሲስተር ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ይቀድማሉ፤ ተማሪዎቹም እንደ ጫጩት ይከተሏቸዋል። ከውጭ ከመጡት መካከል ሁሉም «ረጅሟ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ቋንቋው ገና አልገባትም። በመንገድ ላይ ግን ሁልጊዜ በሲስተር ግራ ትሄዳለች፤ ግራው ጆሯቸው ይሻል ነበርና። ሲስተር አጋጣሚ መስሏቸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ፀጉር ሠሪ ቤት ገቡ። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ተከፍላ ከወዲህ መስታወትና የደንበኛ ወንበር፣ ከወዲያ አልጋ አለ። ፀጉር ሠሪዋ የመውለጃዋ ወር ነው። ከዚህ በፊት አንድ ፅንስ ሞቶባታል፤ ስለዚህ እንቅልፍ የላትም።

«ሲስተር፣ በሞቴ፣ አንዴ ያዳምጡልኝ» አለቻቸው።

ሲስተር የፅንስ ልብ ምት የሚሰማበትን የእንጨት ማዳመጫቸውን አወጡ፤ እንዳይቀዘቅዛት በመዳፋቸው አሹት፤ ሆዷ ላይ አድርገው ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም የለም። ቦታ ቀየሩ። አሁንም ጭጭ። ዝም ያለው ጆሯቸው ነው ወይስ ልጁ? የሁለቱን ዝምታ መለየት አልቻሉም።

«ምነው ሲስተር? ፊትዎ ተለዋወጠ እኮ!» ፀጉር ሠሪዋ አልጋው ላይ ቀና አለች።

የለመዱት ፈገግታ ከንፈራቸው ድረስ መጣ። ያን ጊዜ ግን የፀጉር ሠሪዋን ዓይን አዩና ፈገግታውን ዋጡት።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እየሰሙ። «እኔ አልሰማም። የሚሰማ ሰው ያዳምጥሽ።» ማዳመጫውን ለረጅሟ ሰጧት።

ልጅቷ ተንበረከከች። ፈለገች። ቆየች። ከዚያ ዓይኗን እንደከደነች እጇን ዘርግታ የሲስተርን እጅ አንጓ ያዘች፤ በጣቷ ጫፍም ትመታላቸው ጀመር። ትር፣ ትር፣ ትር፣ ትር። ፈጣን፣ የማያቋርጥ፣ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ። ሲስተር ያንን ምት የትም ቢሆን ያውቁታል። በሌላው እጃቸው የፀጉር ሠሪዋን መዳፍ ይዘው እዚያው ላይ መቱላት።

«ይሄ… ይሄ እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ወይም እሷ ናት። ብቻ ችኩል ነገር ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ለማንኛውም ብለው ጤና ጣቢያ ወስደው አስመረመሯት፤ ሁሉም ደህና ነበር።

ከምርመራው በኋላ ሲስተር ረጅሟን የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ አስቀመጧት። ከእኛው ተማሪዎች አንዷ አስተረጎመች።

«አባቴ መስማት የተሳናቸው ናቸው» አለች ረጅሟ። «ዘፈን ሲኖር ክንዳቸው ላይ እየመታሁላቸው ነው ያደግኩት። የእርስዎን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ዝም ስላሉ።»

ሲስተር አቀፏት።

ማግስቱን ዶክተሩ ዘንድ ሄዱ። «ዶክተሬ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፤ ሌላ ሰው ፈልግ» አሉት። ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ያመጣሁዎት ለጆሮዎ መሰለዎት? እርስዎ ሲያንኳኩ የማይከፈት በር የለም። ጆሮ እናስገጥምልዎታለን፤ በር የሚያስከፍት ሰው ግን ከየት አመጣለሁ?»

ወደ ጆሮ ክሊኒክ ባለቤታቸው ከረባት አስረው አጀቧቸው። ባለሙያዋ ትንሿን የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ውስጥ አስገብታ፣ አስተካክላ፣ «አሁን ያናግሯቸው» አለቻቸው። ሽማግሌው ዓመት ሙሉ ሲጮሁ የከረሙ ሰው፣ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ፣ «አለሽ እንዴ?» አሉ።

ሲስተር ይህን የባላቸውን ቀስ ያለ ድምፅ፣ ድሮ በጨለማ መኝታ ቤት የሚያወራቸውን፣ ምን ያህል እንደናፈቃቸው ያወቁት ገና አሁን ነው። «ድገመው» አሉ በመጨረሻ።

ፀጉር ሠሪዋ ሴት ልጅ ወለደች። ተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ በዓመቱ አዲሶች መጡ። ሲስተር የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ፊት ቆመው፣ «እኔ በዚህ በቀኝ በኩል በደንብ አልሰማም፤ ጥያቄ ያለው በዚያ በኩል ይቀመጥ» አሉ። «እናንተም የሚያቅታችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሩ። ማንም ሙሉ ሆኖ አልመጣም።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ እጁን አነሳ።

«እኔ… ደም ሳይ እወድቃለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» አሉት ሲስተር። «አንተ ከእኔ ጋር ነህ። ስትወድቅ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።»