ለሕያው ሰው የተጻፈ የሞት ዜና

የሰፈሩ ሰው «ዜናው» እያለ ነው የሚጠራው። ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ከገባ ወዲህ ጎረቤት ሳል እንኳ ቢያስለው «መቼ ጀመረዎት? ማን አየ?» ሳይል ስለማያልፍ ስሙ አልበዛበትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ የሞት ዜና አጻጻፍ የሚያስተምሩት መምህር አንድ የቤት ሥራ ሰጡ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በሕይወት ያለ ዘመዱን ሞተ ብሎ ይጻፍ። ጋዜጦች የትልልቅ ሰዎችን ታሪክ ቀድመው አዘጋጅተው እንደሚያስቀምጡ ዜናው ያን ቀን ነው ያወቀው። መምህሩ አንዲት ሕግ ጨመሩ። «ሙት ወቃሽ አትሁን የሚባለው ለለቀስተኛ ነው። ሟች የተጣላውን ሰው ያላነጋገረ ተማሪ ከእኔ ውጤት አይጠብቅ።»

ዜናው አባቱን መረጠ። አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከዚያ በፊት ከታላቅ ወንድሙ ጋር አንድ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ምሽት አንደኛው ማሽን ሳይጠፋ አድሮ ተቃጠለ፤ ጥፋቱ በአባት ላይ ተላከከና ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ዓይንህን ላፈር ተባብለው ቀሩ። የአጎት ነገር ግድ ሆኖ ከተነሳ አባት «ሰውዬው» ነው የሚለው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጥያቄ የሚያስመርር ልጅ እዚህች ላይ ሲደርስ አፉ ይያዛል።

ውጤት ግን ውጤት ነው። የአጎቱን ስልክ ከእናቱ ተቀብሎ የትምህርት ክፍሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ደወለ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ፤ የወንድምዎ ልጅ። ስለ አባዬ ልጠይቅዎት ነበር። የት ተወለደ? ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ደውሎ የማያውቅ የወንድም ልጅ በድንገት ደውሎ እንዲህ ሲጠይቅ ማንም ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚረዳው። የቤት ሥራ መሆኑን መናገር ነበረበት፤ ግን መምህሩ «መጀመሪያ ጠይቁ፣ ምክንያቱን ኋላ» ብለው አስተምረውታል። ጎበዝ ተማሪ ከሞኝ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

«ጻፍ እንግዲህ» አለ አጎቱ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ያን ማሽን ሳላጠፋ የወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ በእኔ ጥፋት ተባረረ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ ኋላም ዓይኑን ማየት አቃተኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ልጁ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ከክፍሉ ማንም እንዲህ ያለ ቃል አላገኘም። ማፈር የጀመረው ወደ ቤት ሲመለስ ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ በሩ ተንኳኳ። አባት ራሱ ሄዶ ከፈተ። አጎት ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ዓይኑ አብጦ ቆሟል።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለ አባት ክው ብሎ።

አጎት የበሩን መቃን ተደገፈ። «አንተ።»

ዜናው ከኋላ ሆኖ የቤት ሥራውን ነገር እየተንተባተበ አስረዳ። እናቱ ሳቋን ለመዋጥ ጓዳ ገባች። አባት ግባም ውጣም አላለም፤ ዞር ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ አጎትም ተከትሎ ገባ።

«በል አንብበው» አለ አባት ልጁን። «መሞቴ ካልቀረ እንዴት ያለ ሰው እንደነበርኩ ልስማ።»

አነበበ። ትውልዱን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ አውቶቡሱን፣ ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ ማፏጨቱን። የማሽኑ ታሪክ ጋ ሲደርስ የአጎቱን ቃል ዘለለ። ሰውየው ይህን የተናገረው ወንድሙ ሞቷል ብሎ ነው፤ አሁን ሟቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«የእኔን ዘለልክ» አለ አጎት።

ልጁ ወረቀቱን አገላበጠ። አጎት አልጠበቀውም፤ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ማሽኑን ሳላጠፋ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

አባት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«አውቃለሁ። ቀድሜህ ወጥቼ የለ? አንተ ልጆች ነበሩህ፣ እኔ ገና ብቻዬን ነበርኩ፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ግን አንድ ቀን መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሰኞ መምህሩ ሥራውን ሲሰበስቡ ዜናው ባዶ እጁን ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«አባቴ የተጣላው ሰው አጣሁ» አላቸው፤ ዜሮውንም ተቀበለ።